ዓመታዊ ገለጻ ወይስ የሙከራ ኢሜይል?

ሠራተኞችን ፊሺንግ ከሚባለው፣ አጭበርባሪዎች የይለፍ ቃልና መሰል ምስጢር ለመስረቅ ከሚልኩት የኢሜይል ማጥመጃ ለመጠበቅ ሁለት መንገዶች ይዘወተራሉ። አንዱ በዓመት አንድ ጊዜ አዳራሽ ሰብስቦ ማስተማር ነው (ግማሹ እያንቀላፋ)። ወጪው አነስተኛ ነው፤ መሠረታዊውን ያስጨብጣል፤ ግን ቶሎ ይረሳል።

ሌላው ድርጅቱ ራሱ የማጥመጃ ኢሜይል አስመስሎ ልኮ ማን ሊንኩን እንደሚከፍት ማየት ነው። እዚህ ትምህርቱ የሚመጣው ሠራተኛው በሥራ ተወጥሮ ሳለ «የይለፍ ቃልዎ ዛሬ ያበቃል» የሚል ማስፈራሪያ ሲደርሰው ነው። አጭበርባሪውም የሚፈልገው ይህንኑ ጥድፊያ ነው። የላኪን አድራሻ ፊደል በፊደል ማጣራት የሚለመደው በእንዲህ ያለው ሰዓት ነው።

እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፤ የተሳሳተውን ማሸማቀቅ ከሌለበት ብቻ። በሙከራ የተቀጣ ሠራተኛ እውነተኛው ጥቃት ሲደርስበት ስሕተቱን ይደብቃል፤ የይለፍ ቃሉ ሳይቀየር፣ ሌባው በአካውንቱ እንደልቡ ይመላለሳል።