ለጋዝ ቅርጽ የቲታኒየም ላሜራ ስትገዙ፦ ተራው ደቃቅ ወይስ ናኖው?

የጋዝ ቅርጽ ማለት የጋለ ላሜራን በጋዝ ግፊት እየለጠጡ ቅርጽ ማውጫ ላይ ማስተኛት ነው። ሻጩ ቀድሞ የሚነግራችሁ የቅንጣቱን፣ ማለትም ብረቱ የተገነባበትን ጥቃቅን ክሪስታል፣ መጠን ነው። «ናኖ ነው» ይላችኋል። ጥሩ። ግን ናኖ መሆኑ ብቻውን አያስለጥጠውም። ከመሞቁ በፊት ውስጡ ምን ይመስል እንደነበር ጠይቁት።

በብዛት የሚሸጠውን እንውሰድ፤ 6% አሉሚኒየምና 4% ቫናዲየም ያለበትን። ተራው ደቃቅ ላሜራ ድቡልቡል ቅንጣቶች አሉት፤ መጠናቸው ከ10 ማይክሮን በታች ነው። የሚለጠጠው 900 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። እዚያ ሙቀት ላይ አልፋና ቤታ (የቲታኒየሙ ሁለት የክሪስታል ዓይነቶች) ግማሽ በግማሽ ስለሚጠጉ አንዱ የሌላውን ማደግ ያግዳል፤ ቅንጣቶቹም ደቃቅ እንደሆኑ ይንሸራተታሉ። ጣጣው ሙቀቱ ነው። ቅርጽ ማውጫው ቶሎ ያልቃል። ላሜራው ደግሞ ኦክስጅን ይስብና ገጹ ላይ ተሰባሪ ቆዳ ያበቅላል። ያ ቆዳ መነሳት አለበት፤ ሌላ ወጪ ነው።

ናኖው ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ላይ ይለጠጣል። ትልቅ ቁጠባ ነው። (በነገራችን ላይ፣ ናኖ ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ናኖሜትር ነው፤ ጥብቁ መስፈርት ግን ከ100 በታች ነው።) ሆኖም በዚህ ሙቀት ቤታው ጥቂት ስለሆነ ቅንጣቱን ከማደግ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ምድጃ ውስጥ ከቆየ ናኖነቱ ይጠፋል።

ዋናው ልዩነት ያለው ግን በሁለት ናኖዎች መካከል ነው። አንዱ የተሠራው ከማርቴንሳይት ነው፤ ማለትም ቤታው ከከፍተኛ ሙቀት በውሃ በድንገት ሲቀዘቅዝ ከሚፈጠረው መርፌ መሳይ ውቅር። መርፌዎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ቫናዲየሙም በእኩል ተሰራጭቷል። ሲቀጠቀጥ በየቦታው እኩል ይሰባበራል፤ ደቃቅ ቤታም በየድንበሩ ይወጣል። ሌላው በቀስታ ከቀዘቀዘ፣ ወፍራም ንብርብር ካለው ብረት የመጣ ነው። ንብርብሩ ከመሰበሩ በፊት ይታጠፋል፣ ይጠማዘዛል። ያልተሰበረው ቅሪት እዚያው ይቀራል፤ ላሜራው በዚያ በኩል ቀጥኖ ይበጠሳል። አማካይ መጠናቸው በወረቀት ላይ አንድ ሊሆን ይችላል!

እኔ ብገዛ ሰፊ ለሆነ ዕቃ ተራውን እወስዳለሁ። የምድጃዬ አቅም ዝቅተኛ ከሆነ ከማርቴንሳይት የመጣውን ናኖ። ከመክፈሌ በፊት ግን ቁራጭ ተቆርጦ፣ ዕቃው በሚሠራበት ሙቀት ያንኑ ያህል ደቂቃ ቆይቶ፣ በማይክሮስኮፕ የተነሳ ፎቶ እጠይቃለሁ። በዚያው ሙቀት የተለካ የኤም ቁጥርም (ላሜራው አንድ ቦታ ላይ ሳይቀጥን እኩል የመለጠጥ ችሎታውን የሚያሳየው) ይጨመርልኝ፤ ከ0.5 በላይ መሆን አለበት። ሻጩ እምቢ ካለ ተራውን እገዛለሁ።