ጂፒኤስ ሎገር በታክሲ ውስጥ፦ የመስመር ጥናት ለሚሠሩ የአፕ ግምገማ

አዲስ አበባ ውስጥ ከመገናኛ ሜክሲኮ የሚሄድ ሚኒባስ ታፔላው ላይ የተጻፈው መነሻና መድረሻው ብቻ ነው። መሃል ላይ የት እንደሚቆም፣ የቱ ጋ እንደሚጨናነቅ፣ ሲመለስ በየት በኩል እንደሚዞር የሚያውቁት ሾፌሩ፣ ረዳቱና የዘወትር ተሳፋሪው ናቸው። ይህን እውቀት ካርታ ላይ ለማስፈር ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ ጂፒኤስ ሎገር የሚባለው የአንድሮይድ አፕ ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ኤፍ-ድሮይድ በሚባለው የክፍት ኮድ አፖች ማከማቻ ላይ ይገኛል። ለአይፎን የለም። ካርታም አያሳይም። ሥራው ስልኩ የት እንደነበረ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ በምን ፍጥነት ይሄድ እንደነበር ፋይል ላይ መጻፍ ነው። ለትራንስፖርት ጥናት የሚያስፈልገውም ይኸው ስለሆነ ደፍረን እንመክረዋለን። ነገር ግን ሴቲንጉን ሳትነኩ፣ እንደወረደ ከተጠቀማችሁበት ቀኑን ሙሉ ታክሲ ላይ ውላችሁ የማይረባ ፋይል ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ዋናው ችግር አፑ ሲወርድ ነጥብ የሚመዘግበው በየ60 ሰከንዱ መሆኑ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ታክሲ በ60 ሰከንድ 500 ሜትር ይጓዛል። ለም ሆቴል ጋ 20 ሰከንድ ቆሞ ሦስት ሰው አውርዶ ቢነሳ፣ ያ መቆም በሁለት ነጥቦች መሃል ጠፍቶ ይቀራል። ስለዚህ የመመዝገቢያ ጊዜውን 2 ሰከንድ አድርጉት። በዚያው ፍጥነት በሁለት ነጥቦች መሃል ያለው ርቀት ወደ 17 ሜትር ይወርዳል፤ ለፌርማታ ጥናት ይህ ይበቃል። ፋይሉ ይገዝፋል ብላችሁ አትስጉ፤ በሰዓት 1,800 ነጥብ ብቻ ነው።

የርቀት ማጣሪያውን፣ ማለትም ስልኩ ይህን ያህል ሜትር ካልተንቀሳቀሰ ነጥብ አትጻፍ የሚለውን፣ 0 ላይ ተዉት። ብዙ ሰው ፋይል ለመቆጠብ ብሎ 10 ወይም 20 ሜትር ይሞላበታል። እንዲህ ሲደረግ ታክሲው ቆሞ ባለበት ጊዜ ሁሉ አፑ ምንም አይጽፍም። በኋላ ፋይሉን ስትከፍቱ የአራት ደቂቃ ክፍተት ታያላችሁ፤ ክፍተቱ ታክሲው ስለቆመ ይሁን ሲግናል ስለጠፋ የሚለይበት መንገድ የለም። የጥናቱ ፍሬ ነገር መቆሙ ስለሆነ በዚህ ቦታ መቆጠብ ያከስራል። ከዚሁ ጋር ጂፒኤሱ በነጥቦች መሃል እንዳይጠፋ የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ። ከቴሌኮም ማማ የሚገኘውን የአካባቢ መረጃ ደግሞ አጥፉት፤ አንዳንዴ መቶዎች ሜትር ርቆ የሚዘል ነጥብ እየጣለ መስመሩን ያበላሸዋል።

ስህተቱ ከተወሰነ ሜትር የሚበልጠውን ነጥብ የሚጥለው የትክክለኛነት ማጣሪያ 40 ሜትር ላይ ነው የሚመጣው። እሱን ማጥበቅ የጥንቃቄ ይመስላል፣ ግን እንዳለ ተዉት። ሰማዩ በተገለጠበት መንገድ ስልክ 5 ሜትር አካባቢ ይሳሳታል። ከስታዲየም እስከ ሜክሲኮ ግን የቀላል ባቡሩ ሐዲድ በኮንክሪት ምሰሶ ላይ ነው የሚያልፈው። ከሥሩ ወይም ከጎኑ የሚሄድ ታክሲ የሰማዩን ግማሽ ያጣል፤ የሚደርሰው ሲግናልም ከኮንክሪቱና ከሕንፃው ግድግዳ ነጥሮ የመጣ ስለሚሆን ነጥቡ ወደ ጎን ይሸሻል። ማጣሪያውን 10 ሜትር ካደረጋችሁት በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ ነጥብ ልታጡ ትችላላችሁ። የተመዘገበን መጥፎ ነጥብ ቤት ገብቶ መጣል ይቻላል፤ ያልተመዘገበን ነጥብ ግን መመለስ አይቻልም። ይህን ለማድረግ የጉዞ መስመሩን ከሚይዘው የጂፒኤክስ ፋይል በተጨማሪ እንደ ሰንጠረዥ የሚከፈተውን የሲኤስቪ ፋይልም እንዲጽፍ ምልክት አድርጉበት፤ የእያንዳንዱ ነጥብ የስህተት መጠን በሜትር የሚቀመጠው እዚያ ነው።

አፑን ከሌሎቹ የምናስበልጥበት ክፍል ማስታወሻ መጻፊያው ነው። ማስታወሻ የሚጻፍበት ገጽ ላይ የራሳችሁን ቁልፎች ታዘጋጃላችሁ፦ «ፌርማታ»፣ «ወራጅ»፣ «መብራት»፣ «ጭንቅንቅ»፣ «መጨረሻ»። ረዳቱ «ወራጅ አለ!» ሲል ቁልፉን አንድ ጊዜ መንካት ነው። መስመሩ ብቻውን ታክሲው መቆሙን እንጂ ለምን እንደቆመ አይናገርም። ሃያ ሁለት የሚባለው ሰፈር ጋ 45 ሰከንድ የቆመ ታክሲ ሰው እየጫነ ይሁን ትራፊክ ይዞት ይሁን ከሳተላይት የመጣ ቁጥር አይለየውም፤ ውስጡ የተቀመጠ ሰው ግን ያያል። ጽሑፉ የሚያርፈው ስልኩ ቀጥሎ በሚያገኘው ነጥብ ላይ ነው። ጂፒኤሱ በመሃል የሚተኛ ከሆነ እስኪነቃ ታክሲው ተነስቶ ስለሚሄድ ፌርማታው ሃምሳ ሜትር ወደፊት ተገፍቶ ይመዘገባል። ከላይ ጂፒኤሱ እንዳይጠፋ ያልነውም ለዚህ ነው።

አንድ የሲኤስቪ መስመር ቀረብ ብለን እንይ። ሰዓቱ 04:42:10 ይልና መጨረሻው ላይ የላቲኗ ዜድ ፊደል ትኖራለች፤ ቀጥሎ ሁለቱ የቦታ ቁጥሮች፣ ከዚያ ከፍታ፣ ስህተት 6.0፣ አቅጣጫ፣ ፍጥነት 0.0፣ የሳተላይት ብዛት፣ ወደ መጨረሻው የባትሪ መጠንና «ወራጅ» የሚለው ማስታወሻ። ዜድዋ ሰዓቱ የግሪንዊች መሆኑን ነው የምትናገረው። ስልካችሁ ላይ 7:42 ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡42። አቋራጩ ከፋይሉ ሰዓት 3 መቀነስ ነው። ይህን ያልተገነዘበ ሰው የጠዋቱን የሥራ መግቢያ ግፊያ ሌሊት ላይ ያስቀምጠዋል። ፍጥነቱ ደግሞ በሰከንድ ሜትር ነው፤ ወደ ሰዓት ኪሎ ሜትር ለመቀየር በ3.6 ማባዛት ነው። ሌላው፣ በአማርኛ የጻፋችሁት ማስታወሻ በኤክሴል ፋይሉን ሁለቴ ነክታችሁ ብቻ ከከፈታችሁት የማይነበብ ምልክት ሊሆን ይችላል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ በዳታ ማስገቢያው በኩል ዩቲኤፍ-8 የሚባለውን የፊደል ኮድ መርጣችሁ አስገቡት።

ትልቁ የሜዳ ላይ ጠላት ስልኩ ራሱ ነው። ገበያችን ላይ ያሉ ብዙ ርካሽ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ስክሪኑ እንደጠፋ ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ይዘጋሉ። ምልክቱ ፋይሉ ሳይታሰብ ጉዞው መሃል ላይ መቋረጡ ነው። የስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለዚህ አፕ የባትሪ ገደቡን አንሱ፣ አካባቢን የማየት ፈቃዱን «ሁልጊዜ» አድርጉት፤ ስልኩ የራሱ «ማጽጃ» ወይም «ማፍጠኛ» አፕ ካለው ከዚያም ዝርዝር አውጡት። ከዚያ ስክሪኑን አጥፍታችሁ ለ20 ደቂቃ ሰፈር ውስጥ ሞክሩት፤ ወደ 600 ነጥብ ካልተገኘ ታክሲ ላይ አትውጡ። ፓወር ባንክም ይያዝ።

መቀመጫ ይመረጣል። ጋቢና ከተገኘ እሰየው፤ ሰማዩ በፊት መስታወቱ ይታያል፣ የሚወርደውንና የሚሳፈረውንም ማየት ይቻላል። ካልሆነ መስኮት ዳር ተቀምጦ ስልኩን ጭን ላይ መያዝ ነው። የኋላ መቀመጫ መሃል ላይ፣ ኪስ ውስጥ የገባ ስልክ በቆርቆሮ ጣሪያውና በሰው ተከቦ ነጥቡ ይዋልላል። ምዝገባውንም ተሳፍራችሁ ሳይሆን ተራ ላይ ቆማችሁ፣ ታክሲው ከመምጣቱ ሁለት ሦስት ደቂቃ ቀድማችሁ ጀምሩ። ኢንተርኔት የጠፋበት ስልክ የሳተላይቶቹን መረጃ ከሰማይ ራሱ እስኪያወርድ ጊዜ ይወስድበታል። በዚያው ሰልፉ ላይ የቆያችሁበት ጊዜም ይመዘገባል፤ ለተሳፋሪው የጉዞ ጊዜ ማለት እሱንም ጨምሮ ነው።

ፋይሉን ለማየት ኪውጂአይኤስ የሚባለው ነፃ የካርታ ሶፍትዌር ይበቃል። ርቀት ከመለካታችሁ በፊት ቦታን በሜትር ወደሚያስቀምጠው የካርታ ሥርዓት፣ ወደ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ኮዱ 32637፣ ቀይሩት። ከቆየ የኢትዮጵያ ካርታ ጋር ደርባችሁ መስመሩ ከመቶ ሜትር በላይ ተንሸራቶ ካያችሁት ጥፋቱ የአፑ ላይሆን ይችላል፤ የድሮዎቹ ካርታዎች ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት በተለየ፣ አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው። ቀጥሎ ስህተታቸው ከ25 ሜትር የሚበልጡትን ነጥቦች ለይታችሁ ተመልከቱ። መቆምን ለመለየት በ25 ሜትር ክበብ ውስጥ ቢያንስ 15 ሰከንድ መቆየትን መነሻ አድርጉ፤ ታክሲ ሰው የሚያወርደው በጥድፊያ ስለሆነ ለአውቶቡስ የሚሠራው አንድ ደቂቃ እዚህ አይሠራም። ከዚያ የብዙ ጉዞ መቆሚያዎችን ደርቡ። በአንድ ጉዞ ብቻ የታየ መቆሚያ አጋጣሚ ነው፤ ከአሥር ጉዞ በሰባቱ የታየ ፌርማታ ነው። ደርሶ መልሱን ለየብቻ መዝግቡ፤ ከመገናኛ ወደ አያት ባለው መንገድ ሐዲዱ መሃሉን ስለያዘው መኪና የሚዞረው በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው፣ የመሄጃው ፌርማታም ከመመለሻው ጋር ፊት ለፊት ላይገጥም ይችላል።

መንገድ ማቆራረጥን በቁጥር ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ርካሽ መሣሪያ አናውቅም። በታፔላው መሠረት ሜክሲኮ መድረስ ያለበት ታክሲ ስታዲየም ላይ «መጨረሻ ነው» ብሎ ሰው ሲያራግፍ «መጨረሻ» የሚለው ቁልፍ ይነካል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ የተደረጉ ጉዞዎችን ከቀኑ ጋር ስታነጻጽሩ ተሳፋሪው ሁለት ጊዜ የሚከፍልበት ቦታና ሰዓት ካርታው ላይ ይወጣል። ተሳፋሪ ዘወትር የሚያማርርበት ነገር በመረጃ ሲቀመጥ ለሚያስተካክለው አካል ማቅረብ ይቻላል። የሰሌዳ ቁጥር ግን አትመዝግቡ፤ የሚጠናው መስመሩ እንጂ ሾፌሩ አይደለም።

በዚህ መንገድ ከተማ መመዝገብ እንደሚቻል ናይሮቢ አሳይታለች። ዲጂታል ማታቱስ የተባለው ፕሮጀክት የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲን ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር አስተባብሮ ማታቱ በሚባሉት የከተማዋ ሚኒባሶች ላይ በወጡ ተማሪዎች ስልክ መስመሮቹን መዘገበ፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ካርታውን ለሕዝብ አወጣ። ዳታው የተቀመጠበት ጂቲኤፍኤስ የሚባለው የሕዝብ ትራንስፖርት መረጃ አቀራረብ ጂፒኤስ ሎገር በቀጥታ የሚያወጣው አይደለም። ፌርማታዎቹን፣ የመስመሩን ቅርጽና በስንት ደቂቃ አንድ ታክሲ እንደሚነሳ በየፋይሉ ለይቶ ማዘጋጀት የእናንተ ሥራ ነው፣ ብዙ ጉልበትም የሚበላው ይኸው ነው። ታክሲ የሰዓት ሠሌዳ ስለሌለው የመነሻ ሰዓት ሳይሆን ድግግሞሹ ነው የሚሞላው።

የግል መረጃ ነገር በዋዛ መታየት የለበትም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት የአንድ ሚሊዮን ተኩል ሰዎችን የስልክ እንቅስቃሴ መርምሮ፣ አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች 95 በመቶውን ሰው ለይተው ለማውጣት እንደሚበቁ አሳይቷል። ስም መሰረዝ ብቻ አይበቃም ማለት ነው። መዝጋቢው ከቤቱ በር ጀምሮ የመዘገበ እንደሆነ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን 200 ሜትር ቆርጣችሁ ጣሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷልና ለጥናቱ ሰው የምታሰማሩ ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

የአፑ ጉድለቶች ሁለት ናቸው። ካርታ ስለሌለው መዝጋቢው ነጥቡ እንደሸሸ ሜዳ ላይ እያለ አያይም፤ ይህ ግድ ካላችሁ ኦስምአንድ የሚባለው የካርታ አፕ ጉዞ መመዝገቢያ አለው፣ ግን ከባድ ነው። ሁለተኛ፣ ፋይሉ የሚቀመጥበት ፎልደር በአዲሶቹ አንድሮይዶች ላይ በፋይል ማውጫ በቀላሉ አይገኝም፤ አፑ ውስጥ ያለውን ማጋሪያ ተጠቅማችሁ በዕለቱ ማታ ላኩት። በተረፈ ሴቲንጉን በፕሮፋይል አስቀምጦ ሌላ ስልክ ላይ መጫን መቻሉ ለቡድን ሥራ ትልቅ ጥቅም አለው፤ አሥር መዝጋቢ በአሥር ዓይነት ሴቲንግ ከወጣ ፋይሎቹን ማወዳደር አይቻልም። የፋይሉን ስም መነሻ፣ መድረሻና ቀን አድርጉት፤ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ መንገዱም መጫኛ ቦታውም የተቀየረባቸው ሰፈሮች ስላሉ ቀኑ ያልታወቀ መስመር የትኛውን አዲስ አበባ እንደሚያሳይ አይለይም።