14 ወር ከኤቲኤቲ ጋር፦ እግሮቹ እንዴት ሰነበቱ?

ባለ 6785 ቁራጩን የሌጎ ኤቲኤቲ ሞዴል ገጣጥሜ ከጨረስኩ 14 ወር ሞላኝ። ሣጥኑ በተከፈተ በሳምንቱ የሚጻፍ ግምገማ ስለ መገጣጠሙ ደስታ እንጂ ስለ ዕቃው ጽናት የሚነግረን ነገር ጥቂት ስለሆነ፣ ይህን ለመጻፍ ሆን ብዬ ቆይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ጊዜ በኋላ ፍርዴ የሚያርፈው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ እርሱም እግሮቹ ናቸው።

ኤቲኤቲ በስታር ዎርስ ፊልሞች ዓለም ውስጥ የኢምፓየሩን ወታደሮች ጭኖ የሚሄድ፣ ብረት ለበስ ባለ አራት እግር የጦር ማሽን ሲሆን፣ ቁመቱ 22.5 ሜትር እንደሆነ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1980 ለዕይታ በበቃው ፊልም ሆት በምትባለው በረዷማ ፕላኔት ላይ ወደ አማፅያኑ ምሽግ ሲገሰግስ፣ የአማፅያኑ የጦር መሣሪያ ትጥቁን መብሳት ስላቃተው፣ እነርሱ እየበረሩ ዙሪያውን በመዞር እግሮቹን በገመድ ጠፍረው ጣሉት። የፊልሙ ባለሙያዎች የዝሆንን አረማመድ ካጠኑ በኋላ ሞዴሉን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሱ አንድ በአንድ ፎቶግራፍ በማንሳት ነበር እንዲራመድ ያደረጉት። ያን የሚያህል አካል በቀጫጭን እግሮች ላይ መቆሙ የማሽኑ አስፈሪነትም ድክመትም ምንጭ ነው፤ እኔ ቤት የገባው ሞዴልም ሁለቱንም ወርሷል።

ሞዴሉ 62 ሴንቲ ሜትር ቁመት፣ 69 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 24 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው፤ ይህም ከታሪኩ ማሽን ጋር ሲነጻጸር ወደ 1 ለ 36 የሚጠጋ ልኬት ነው። ሞተር የለውም፣ አይራመድም፤ የሚቆመውም አንድ አቋም መርጠን ባስቀመጥነው መልክ ነው። የሰውነቱ አጥንት፣ ማለትም በሽፋኑ ሥር ያለው ማዕቀፍ፣ እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ ሳይላላ ቆይቷል። አራቱ እግሮች በአሠራር ስለሚመሳሰሉ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ስደርስ ትዕግሥቴ እየሳሳ መሄዱን አልደብቅም፤ ሆኖም በዚያ ሥራ ላይ ያልተቻኮልኩት በኋላ ጠቀመኝ።

በእግሩ መጋጠሚያ ውስጥ የብሎን ጥርስ ያለው ማርሽ ተቀምጧል። ይህን ማርሽ ስናዞረው እግሩ ይታጠፋል ወይም ይዘረጋል፤ እግሩን ግን በእጅ ብንገፋው ማርሹን መልሶ ሊያዞረው አይችልም፤ ከባድ ዕቃ የሚያነሱ ማሽኖች ላይ የሚሠራበት ያው መላ ነው። መጋጠሚያው በፍትጊያ ብቻ የሚያዝ ቢሆን ኖሮ ይህን የሚያህል ክብደት በሳምንታት ውስጥ ያላላው ነበር ብዬ አምናለሁ። የእግሮቹን ውፍረት ሳያጋንኑ፣ የማሽኑን መልክ ሳያበላሹ ይህን ሁሉ ጭነት እንዲሸከሙ ማድረግ ትልቅ ችሎታ ነው፤ ባየሁት ቁጥር ይደንቀኛል። ሞዴሉ በ36 እጥፍ ቢያድግ እግሩ አግድም ቢቆረጥ የሚታየው ገጽ ስፋት በ1296 እጥፍ፣ ክብደቱ ግን በ46,656 እጥፍ ስለሚጨምር፣ በእያንዳንዱ የእግሩ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚያርፈው ጫና 36 እጥፍ ይሆናል። መደርደሪያዬ ላይ በሰላም የቆመው ቅርጽ በእውነተኛ መጠኑ ስንት ጣጣ እንደሚያመጣ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በአምስተኛው ወር ቦታ ልቀይርለት ስል የጎኑን ሽፋን በሁለት እጄ ይዤ አነሳሁት። ሽፋኖቹ ግን ተከፍተው ውስጡ እንዲታይ የተሠሩ እንጂ ክብደት እንዲሸከሙ የተሠሩ አይደሉም። የግራው ሽፋን ተላቆ እጄ ላይ ቀረ፤ አካሉ ወደ ቀኝ አዘመመ፤ የፊት ቀኝ እግሩም ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ከቁርጭምጭሚቱ ላይ ጥቂት ቁርጥራጮች ረገፉ። መመሪያውን ከፍቼ ያንን እግር እንደገና ለመሥራት አንድ ሙሉ ምሽት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ መዳፎቼን ከሆዱ ሥር አስገብቼ ብቻ ነው የማነሳው፤ ሌላ ሰው ካለ ደግሞ ጭንቅላቱን እንዲደግፍልኝ እጠይቃለሁ።

በዘጠነኛው ወር ላይ አፍንጫው ወደ መሬት ያዘነበለ መስሎኝ ማስመሪያ አምጥቼ ከመደርደሪያው እስከ ሆዱ ያለውን ከፍታ ከፊትና ከኋላ ለካሁ። የፊቱ በ4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ማርሹ ወደ ኋላ ባይዞርም በጥርሶቹ መካከል ያለው ጠባብ ክፍተት በክብደቱ ምክንያት ወደ አንድ ወገን ተገፍቶ ያልቃል፤ ጭንቅላቱ ከአካሉ ፊት ለፊት ስለሚንጠለጠልም ዳፋውን የሚቀበሉት የፊት እግሮቹ ናቸው። የሁለቱን የፊት ጉልበቶች ማርሽ በጥቂቱ አዙሬ ልዩነቱን አጠፋሁት፤ አሁን በየሁለት ወሩ እለካለሁ። ማስተካከያው ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፤ መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ ግን ለማንኛውም ባለቤት ያስፈልገዋል።

ስለ ቀሪው ብዙ የምለው የለኝም። አብረውት የመጡት ዘጠኙ ትናንሽ የሰው ምስሎች፣ የኢምፓየሩን የጦር አዛዥ ጄኔራል ቪርስንና የፊልሙን ጀግና ሉክ ስካይዎከርን ጨምሮ፣ ቀለማቸው አልደበዘዘም። ሆዱ እስከ 40 ምስል ስለሚይዝ ዘጠኙ ብቻ ሲቀመጡበት ባዶነቱ ጎልቶ ይታያል፤ ይህ ቅር ያሰኘኛል። አቧራ የጀርባው ክፍተቶች ውስጥ ቶሎ ስለሚሰበሰብ በለስላሳ ብሩሽ አወጣዋለሁ። ግራጫው ፕላስቲክ በፀሐይ ብርሃን ወደ ቢጫ እንደሚያደላ ስለማውቅ ከመስኮት አርቄዋለሁ፤ እስካሁንም አልተለወጠም።

በቅርቡ የቀኝ የፊት እግሩን ወደፊት አራምጄ የመራመድ አቋም ሰጥቼው ነበር፤ እጅግ አምሮበት ሳለ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የግራው የፊት ጉልበት ከቀድሞው ይበልጥ ዝቅ አለ። አራቱም እግሮች ክብደቱን እኩል እንዲካፈሉ ወደ ቀጥታው አቋም መልሼዋለሁ፤ የመራመዱን አቋም እንግዳ ሲመጣ ብቻ፣ ለአንድ ምሽት አደርግለታለሁ።