የመጀመሪያ የሪሞት መኪና ለምትገዙ፦ መለዋወጫው ሳይታይ ገንዘብ አይከፈል

የመጀመሪያ የሪሞት መኪናችሁን ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ይህን ጠይቁት፦ «የፊት ጎማውን የሚይዘው ክንድ ቢሰበር እሱን ብቻ ለይተህ ትሸጥልኛለህ?» «ኧረ ይህ አይሰበርም!» ብሎ ከመለሰላችሁ ዕቃውን መልሱለት። ይሰበራል። ጀማሪ ቀርቶ የለመደውም ሰው ከግድግዳና ከድንጋይ ጋር ያላትመዋል።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ የእህቴ ልጅ መኪና ነው። ሻጩ «የባለሙያ ነው» ብሎ በውድ ዋጋ ሸጠለት። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን አይዞርም። ስንፈታው የኋላው የፕላስቲክ ማርሽ ጥርሶች ተበልተዋል። ማርሹ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም። ሻጩ መለዋወጫ አያመጣም፤ አምራቹም ለብቻው አይሸጥም። በዚህች ቁራጭ ፕላስቲክ ምክንያት ሞተሩ ጤነኛ የሆነ መኪና ተጣለ። እንዲህ ያለ ዕቃ መጫወቻ ተብሎ በመጫወቻ ዋጋ ቢሸጥ ቅሬታ ባልኖረኝ ነበር።

የላዩን ክዳን አስነሱና ውስጡን እዩ። ሰርቮ የሚባለው፣ መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር፣ ስንት ሽቦ አለው? ሦስት ከሆነ መልካም ነው። ሁለቱ ኃይል ያደርሱለታል፣ አንዱ ትእዛዝ ያመጣለታል፤ ሲበላሽ ልኩ የገጠመ የሌላ አምራች ሰርቮ ይተካዋል። አምስት ከሆነ ግን መቆጣጠሪያው ያለው ከሰርቮው ውጪ፣ በመኪናው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከሪሞቱ መልእክት የሚቀበለውና የሞተሩን ፍጥነት የሚመጥነው ክፍልም በዚያው ሰሌዳ ላይ ነው። አንዱ ሲቃጠል ሁሉም ይቀየራል። አምስት ሽቦ ያለው ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ መለዋወጫቸው በቀላሉ የሚገኝ ደህና መኪናዎች አሉ። ዕቃውን የምታገኙት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዚያው አምራች ብቻ ነው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት አትመኑ። እውነተኛውን ፍጥነት በመኪናው መጠን አባዝተው የሚጽፉ አሉ፤ 1:16 የሆነ፣ ማለትም ከእውነተኛው መኪና 16 ጊዜ ያነሰ፣ መኪና በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ «320» ይሉታል። ለጀማሪ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ከበቂ በላይ ነው።

«ለመንዳት ዝግጁ» የሚለውም ያሳስታል፤ ባትሪውና ቻርጀሩ ለብቻ የሚገዙበት ጊዜ ብዙ ነው። በባትሪ ነገር ደግሞ ማንም እንዲያቻኩላችሁ አትፍቀዱ። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ እያንዳንዱ ሴል (ባትሪው የተሠራበት ክፍል) ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት፣ ከ3 ቮልት በታችም መውረድ የለበትም። ሴሎቹን እኩል የሚሞላ ቻርጀርና ቮልቱ ሲወርድ ኃይል የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ያስፈልገዋል። ለሌላ ዓይነት ባትሪ የተሠራ ቻርጀር «ይሠራል» ተብሎ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ለልጅ ከሆነ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ይሻላል፤ ቢከብድም ስህተትን ይችላል። ያገለገለ መኪና ካበጠ ባትሪ ጋር ከቀረበላችሁ የባትሪውን ዋጋ አስቀንሱ፤ ባትሪውን ግን በነጻም ቢሆን ቤታችሁ አታስገቡ።