ከጣና ዳር የሚገኝ የጥንት ቴምብር መመርመሪያ ሱቅ፦ ግምገማ

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ወደ ገዳማቱ የሚሄዱ ጀልባዎች ከሚነሡበት ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ፣ የጥንት ቴምብር የሚመረምር አነስተኛ ሱቅ አለ። ባለቤቱ በዕድሜ የገፉ ሰው ሲሆኑ ቴምብር አይገዙም፣ አይሸጡምም፤ ሥራቸው የመጣላቸውን ለይተው ዋጋውን መገመት ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የጠቀስሁት ገማቹ ራሱ ገዢ በሆነበት ቦታ ግምቱን ማመን ስለሚያስቸግር ነው። ክፍያቸውም ከቴምብሩ ዋጋ ተቆርጦ የሚወሰድ ሳይሆን ሥራው ከመጀመሩ በፊት የሚነገር የተወሰነ ገንዘብ ነው።

ለምርመራ ያቀረብሁላቸው ከቤተሰብ የወረስሁትን አንድ አልበምና ከነቴምብራቸው የተቀመጡ የቆዩ የደብዳቤ ፖስታዎችን ነበር። በቅድሚያ የጠየቁኝ ከፖስታዎቹ የተላጠ ቴምብር እንዳለ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዱኝ እ.ኤ.አ. በ1894 ፓሪስ የታተሙትን፣ የአገራችን የመጀመሪያ የሆኑትን ሰባት ቴምብሮች በምሳሌነት አነሡ፤ አራቱ የዳግማዊ ምኒልክን ምስል፣ ከፍተኛ ዋጋ ያላቸው ሦስቱ ደግሞ አንበሳን የያዙ ናቸው። ብዙ ሰው ዕድሜያቸውን ብቻ አይቶ ውድ ይመስሉታል፤ ነገር ግን ያልተሠራባቸው ዛሬም በገበያ ላይ በርከት ብለው ይገኛሉ፤ ብርቅ የሚሆኑት በእርግጥ ደብዳቤ ያደረሱት፣ ይልቁንም የፖስታ ቤት ማኅተማቸው ሳይነካ ከነፖስታቸው የቆዩት ናቸው። ቴምብሩን ከፖስታው የሚልጥ ሰው የተላከበትን ከተማ፣ ቀኑንና መንገዱን የሚመሰክረውን ማስረጃ አብሮ ያጠፋል።

ከእነዚሁ ቴምብሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ተጨማሪ ጽሑፍ በእጅ ማኅተም የተመታባቸው አሉ፤ ሐሰተኛው የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ማኅተም ቀርጾ በርካሹ ቴምብር ላይ መምታት አስቸጋሪ አይደለምና። ባለሙያው በማጉያ መነጽር የሚፈትሹት የፊደሉን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን የቀለሙን ቅደም ተከተል ጭምር ነው፤ ተጨማሪው ጽሑፍ ከፖስታ ቤቱ ማኅተም በላይ አርፎ ከታየ፣ ቴምብሩ ካገለገለ በኋላ የተጨመረ ነው ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ችሎታቸው ጎልቶ የታየው እ.ኤ.አ. በ1919 የወጣውን ተከታታይ ሲመረምሩ ነው። ቀጭኔ፣ ነብር፣ ዝሆንና ሰጎን የተሣሉባቸው እነዚህ ውብ ቴምብሮች ከጊዜ በኋላ እንደገና ስለታተሙ፣ ከፊት ለፊት ብቻ ያያቸው ሰው የመጀመሪያውን ከድጋሚው ለመለየት ይቸገራል። እርሳቸው በወረንጦ ገልብጠው ሙጫውን አሳዩኝ፤ የመጀመሪያው እትም ሙጫ ነጭና ለስላሳ ሲሆን፣ የድጋሚው ወደ ቡናማ ያደላና በሰያፍ የተሰነጣጠቀ ነው። የእኔዎቹ ድጋሚ እትሞች መሆናቸውን ሳያለሳልሱ ነገሩኝ።

ከዚያ በፊት በስልክ ፎቶ አንሥቶ ቴምብር የሚለይ አንድ መተግበሪያ ሞክሬ ነበር። መተግበሪያው ሥዕሉን ያውቃል፤ ጀርባውን ግን አያይም። ከነፃነት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 የወጡትን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴምብሮች ሲያይም፣ የገንዘቡ ስም በትናንሽ የላቲን ፊደላት የተጻፈበትን የመጀመሪያውን እትም በትልልቅ ፊደላት ከተጻፈበት ከቀጣዩ ሳይለይ ለሁለቱም አንድ ዋጋ ሰጠ። ባለሙያው ይህን በዓይናቸው ለይተው፣ የዳሩንም ጥርስ በመለኪያ አስቀምጠው በሁለት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ስንት ቀዳዳ እንዳለ ቆጠሩ።

የዋጋው ሥራ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በካታሎግ፣ ማለትም የቴምብሮችን ዝርዝርና ዋጋ በያዘው መጽሐፍ፣ የሰፈረው ዋጋ መነሻ እንጂ ሻጭ በእጁ የሚያገኘው ገንዘብ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራሉ፤ ለተቀደደ ጥርስ፣ ለሣሣ ወረቀትና ለእጥፋት ይቀንሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1947 መውጣት በጀመረው ተከታታይ ውስጥ ጣና ሐይቅን የሚያሳየውን ቴምብር የከተማችን ሰው በፍቅር እንደሚፈልገው ያውቃሉ፤ በዚህ ምክንያት ግን ግምቱን ከፍ አላደረጉም፤ ይህን በጣም አከበርሁላቸው።

ጉድለት የለባቸውም አልልም። የሚጠቀሙበት ካታሎግ የቆየ እትም በመሆኑ ለዋጋው አዲሱን ማመሳከር የደንበኛው ድርሻ ሆኖ ይቀራል። ግምቱም በቃል ብቻ የሚነገር ነው፤ ውርስ ለሚካፈሉ ወንድማማቾች፣ ለምሳሌ፣ የተፈረመበት ወረቀት ያስፈልጋቸዋል፤ ይህን ቢጨምሩ ክፍያውን ከፍ ቢያደርጉም የሚቃወም ደንበኛ የሚኖር አይመስለኝም። የሱቁ ጠባብነትም ወረፋ ያስከትላል።

የአቀማመጥ ምክራቸው ግን ለሐይቅ ዳር ነዋሪ ሁሉ ይጠቅማል። በክረምት ወራት የአየሩ እርጥበት ሙጫውን አላልቶ ቴምብሮቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል፣ ወረቀቱ ላይም ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል፤ ስለዚህ አልበሙን ግድግዳ ሳያስነኩ አቁሞ ማስቀመጥ፣ ደረቅ ቀን ሲገኝም ከፀሐይ በተከለለ ቦታ ገልጦ ማናፈስ እንደሚገባ ያስተምራሉ። ከፖስታዎቼ አንዱን በተመለከተ ግን ዋጋ ከመናገር ተቆጠቡ፤ የእጅ ማኅተሙ እውነተኛ ሊሆን እንደሚችል ገልጸው፣ የመጨረሻውን ቃል የምስክር ወረቀት የሚሰጡ የዘርፉ ሊቃውንት እንዲናገሩ፣ እስከዚያው ድረስም ፊቱንና ጀርባውን በጥራት ፎቶ አንሥቼ እንዳስቀምጥና ለማንም እንዳልሸጠው መከሩኝ።