ለቦዲ ሠራተኛዬና መሣሪያቸውን ላልነፈጉኝ ወዳጆቼ

ምስጋናዬ በቅድሚያ ለአንድ አንጋፋ የቦዲ ባለሙያ ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። እ.ኤ.አ. የ1965 ሞዴል የሆነችውን ኤምጂቢ ስፖርት መኪናዬን፣ ቤቴ ድረስ እየመጡ፣ ከእኔው ጋር አቧራ እየጠጡ ከዝገት አውጥተውልኛል።

ይህችን መኪና የሚያውቅ ሰው ጣጣዋ ከየት እንደሚጀምር አይጠፋውም፤ ከበሮቹ ሥር ነው። ኤምጂቢ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላትም፤ ሸክሙን የሚችለው ቦዲው ራሱ ነው። ቋሚ ጣሪያ ስለሌላት ደግሞ አብዛኛው ጫና የሚያርፈው በበሮቹ ደፍ ላይ ነው። ደፉ ለተመልካች አንድ ላሜራ ቢመስልም ከውስጥ ሌላ፣ ከመካከላቸውም ሦስተኛ አለ። ውኃና ጭቃ እዚያ መሐል ይቀራል፤ ዝገቱ ከውስጥ ወደ ውጭ እየበላ ይመጣል። የውጭው ሲበሳ የውስጡ ካለቀ ቆይቷል ማለት ነው። ከጋሼ በፊት ያነጋገርኩት አንድ ጋራዥ፣ በላዩ ላይ አዲስ ላሜራ ለጥፎ፣ ስቱኮ ሞልቶ ቀለም ሊቀባልኝ ነበር። ይህ ጥገና ሳይሆን ዝገትን አዲስ ልብስ ማልበስ ነው።

ጋሼ መቁረጫውን ከማንሣታቸው በፊት በሩን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር። በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት ከላይ እስከ ታች በጣታቸው ዳሰሱት። ቀጥለው በሩን አውልቀው በባዶው ቦታ ላይ የብረት ድጋፍ በየዱ። ምክንያቱም ደፉ ሲቆረጥ ቦዲው ወገቡ ላይ ይሰምጣል፤ እንደ ሰመጠ ከተበየደ በሩ ዳግመኛ አይገጥምም። አዲሱን ላሜራ በነጥብ በነጥብ ብቻ ያዝ አድርገው፣ በሩን መልሰው ሰቅለው፣ ክፍተቱን እንደገና አዩት። ዋናውን ብየዳ የጀመሩት ከዚያ ወዲያ ነው። አንዱን ጎን ሳይጨርሱ ሌላውን አልነኩም። ዛሬ በሩ በሁለት ጣት ሲገፋ ቀጥ ብሎ ይዘጋል።

የሙያ ፍቅር ያገናኘን ወዳጆቼም ውለታቸው ቀላል አይደለም። አንዱ የሞተር ማንሻውን አውሶኝ ሥራው እስኪያልቅ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ሌላው የኤሌክትሪኩን ሥራ ከመጀመሬ በፊት ደውሎ አስጠነቀቀኝ። በዚህ ሞዴል ከቦዲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው፤ ወደ ኔጋቲቭ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1967 መጨረሻ ነው። ይህን ሳያውቁ ዘመናዊ ሬዲዮ መግጠም ሬዲዮውን ማቃጠል ነው።

1798 ሲሲ ሞተሯ የሚተነፍሰው ቤንዚንና አየር በሚቀላቅሉ ሁለት ኤስዩ ካርቡሬተሮች ነው። እነዚህን ያስማማልኝ ሦስተኛው ወዳጄ ይዞ የመጣው አንዲት ቀጭን የጎማ ቱቦ ነበር። አንዱን ጫፍ ጆሮው ላይ፣ ሌላውን በየተራ በካርቡሬተሮቹ አፍ ላይ ያደርግና የአየሩን ፉጨት ያዳምጣል። ሁለቱ እኩል እስኪያፏጩ ቡሎኑን በጥቂት በጥቂቱ አዞረ። ከዚያ የአንዱን ካርቡሬተር ፒስተን አንድ ሚሊሜትር ያህል ከፍ አደረገ፤ የሞተሩ ዙር ጨምሮ እዚያው ከቀረ ቤንዚኑ በዝቷል፣ ወርዶ ሊጠፋ ካለ አንሷል። ብዙ ዘመናዊ መመርመሪያ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ቱቦ ያስደነቀኝ የለም።

አሁን ወደ ጥቆማዬ ልለፍ። ጋሼን የምጠቁመው ጊዜ ላለው ሰው ነው። «ለሠርግ ቀን ይድረስልኝ» የምትሉ ከሆነ አትድከሙ፤ ሲጣደፉባቸው መሣሪያቸውን ሰብስበው ይሄዳሉ። ቀለም አይቀቡም፣ ሞተር አይነኩም። በላሜራና በብየዳ ግን እኔ እስካየሁት የሚተካከላቸው የለም። አጠገባቸው ቆሞ ለሚጠይቅም ሳይሰለቹ ያስረዳሉ፤ ይህ ደግሞ መኪናውን በራሱ እጅ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ከብየዳው አይተናነስም።

የምትፈልጓቸው በግል ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ምንጣፉን አንሥታችሁ ወለሉንና ደፉን ከውስጥ በኩል ፎቶ አንሡ፤ ያንን ሳያዩ ዋጋ አይናገሩም።