ባንዲራውን አይቼ 140 ፓውንድ ከፈልኩ፦ የክሪኬት ባት ለምትገዙ ወላጆች

እንግሊዝ አገር ልጅ የምታሳድጉ፣ በተለይ ልጃችሁ ሰሞኑን የክሪኬት ኳስ መምቻውን «ባት ግዙልኝ» እያለ የሚነዘንዛችሁ፣ ካርዳችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ። እኔ ተበልቻለሁ። እናንተ አትበሉ።

ልጄ 12 ዓመቱ ነው። ምሥራቅ ለንደን ነው የምንኖረው፣ ጓደኞቹ ግማሾቹ የፓኪስታንና የባንግላዴሽ ልጆች ናቸው፣ እና እግር ኳሱን እርግፍ አድርጎ ትቶ ክሪኬት ውስጥ ገባላችሁ። እስካሁን በቴኒስ ኳስ ነበር የሚጫወቱት። ዘንድሮ ግን ጠንካራውን የቆዳ ኳስ ጀመሩ፣ ስለዚህ የወግ ባት ያስፈልገዋል ተባለ። እኔ ደግሞ በዱላ ኳስ ሲመታ የማውቀው ገና ጨዋታ ላይ ነው፣ እሱንም ከሩቅ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንዱ ብቅ አለ፦ «ግሬድ 1 ዊሎው» (አንደኛ ደረጃ የባት እንጨት ማለት ነው)፣ ከጎኑ የእንግሊዝ ባንዲራ፣ ከ220 ወደ 140 ፓውንድ የወረደ፣ «ሁለት ብቻ ቀርተዋል»። ሁለት ብቻ ቀርተዋል የሚለው ነው የገደለኝ።

ሲመጣ ዓይን ይስባል። ወርቃማ ስቲከር ከላይ እስከ ታች፣ ፊቱ ላይ ደግሞ ወፈር ያለ ላስቲክ ተለጥፎበታል። በሦስተኛው ሳምንት ልጁ «እማ፣ ይከብዳል፣ ኳሱም አይሄድልኝም» ማለት ጀመረ። የልጅ ሰበብ መሰለኝ። ክለባቸው ውስጥ ባት የሚጠግኑ አንድ ፓኪስታናዊ አዛውንት አሉ፣ ልጆቹ ሁሉ «አንክል» ነው የሚሏቸው። ተቀብለው በእንጨት መዶሻ መታ መታ አደረጉትና ዝም አሉ። ከዚያ የላስቲኩን ጫፍ በጥፍራቸው ልጥ አድርገው አሳዩኝ። ከሥሩ ያለው እንጨት ቡናማ ነው። «ካሽሚር» አሉኝ። ስንት ገዛሽው ሲሉኝ አፍሬ 80 አልኳቸው። እሱም በዛ አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊሎው የሚሉት እኛ አገር ወንዝ ዳር የሚበቅለው የአኻያ ዘመድ ነው። ለባት የሚሆነው በዋናነት ከሁለት ቦታ ይመጣል። አንደኛው የእንግሊዙ ነው፣ ኤሴክስና ሰፎክ አካባቢ ይተከላል (ኤሴክስ እኮ እኛ ሰፈር ጫፍ ላይ ናት!)፣ ከ15 እስከ 20 ዓመት ገደማ ቆይቶ ይቆረጣል፣ ቀለል ይላል፣ ኳሱንም ያስፈነጥራል። ሁለተኛው ሕንድ በኩል ባለችው ካሽሚር ውስጥ የሚበቅለው ነው። እሱ ጠጠር፣ ከበድ፣ ቡናማም ይላል፣ ዋጋውም በጣም ይቀንሳል። ካሽሚር መጥፎ ነው አላልኩም፣ ገና ለሚለማመድ ልጅ በ35 ፓውንድ ቢገዛ ምንም አይደል። በ140 ሲሆን ነው ዘረፋ የሚሆነው።

ማታ ተመልሼ ማስታወቂያውን በደንብ አነበብኩት። ብታምኑም ባታምኑም «ኢንግሊሽ» የምትለው ቃል የትም የለችም። «ዊሎው» ነው ያለው። ባንዲራውን አይቼ የቀረውን የጨመርኩት እኔው ነኝ። ግሬድ 1 ያለው ደግሞ የካሽሚር ግሬድ 1 ሊሆን ይችላል፣ እሱም አለ። ለነገሩ ግሬድ የሚባለው የመንግሥት ማኅተም አይደለም፤ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ ዓይን የሚሰጠው ነው፣ የአንዱ 1 የሌላው 2 ሊሆን ይችላል። ስቲከሩንማ ተዉት፣ ለብቻው ይሸጣል።

ስለዚህ እንጨቱን ራቁቱን ሳታዩ አትክፈሉ። ላስቲክ ከተለጠፈበት፣ ሳይለጠፍ የተነሳ ፎቶ ላኩልኝ በሉ። እምቢ ካሉ ነገሩ ገብቷችኋል ማለት ነው። ክብደቱንም በግራም ጠይቁ። የእኛን የኩሽና ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 1,150 ግራም ሆነ፣ የጓደኛው በመጠን እኩል የሆነው (ሁለቱም ቁጥር 6 ናቸው) ባት ግን 1,000 አካባቢ ነው። 150 ግራም ለ12 ዓመት ልጅ ክንድ ቀላል አይደለም።

ፊቱ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚወርዱትን መስመሮች ቁጠሩ የሚሏችሁም አሉ። እያንዳንዱ መስመር ዛፉ ያደገበት አንድ ዓመት ነው፣ እውነት ነው፣ ግን መስመር በዛ ማለት የተሻለ ባት ማለት አይደለም። መስመሩ ጥቅጥቅ ያለው ቶሎ ለጨዋታ ይደርሳል፣ ብዙ ጊዜ ቶሎም ይሞታል። ጥቂት መስመር ያለው ለመለማመድ ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ይቆያል። ከፍተኛ ግሬድ የሚባለውም በአብዛኛው መልክ ነው፦ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ነቁጥ የሌለው። ነቁጥ ያለበት ሁሉ አይመታም ማለት አይደለም። እኛ ጤፍ ስንገዛ እንኳ ነጩ ይወደዳል እንጂ ቀዩ ርካሽ ስለሆነ አያጠግብም አንልም።

አንድ ሌላ ስሕተት ሠርቻለሁ። ባቱ እንደመጣ ዩቲዩብ አይቼ ጥሬ የተልባ ዘይት ቀባሁት፣ ሁለት ማታም በመዶሻ ስቀጠቅጠው አመሸሁ፣ ጎረቤት በር እስኪያንኳኳ። አዲስ ባት እንዳይሰነጠቅ ይህ ሥራ አለበት፣ ግን መጀመሪያ መርምሩት። ከኢንተርኔት ሱቅ የተገዛ ዕቃ በደረሰ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ይቻላል፣ እንደተባለው ካልሆነ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ገንዘባችሁን መጠየቅ መብታችሁ ነው። እኔ ስጽፍላቸው 14ቱ አልፏል። «ተጠቅማችሁበታል፣ ደግሞም እንግሊዝ ነው አላልንም» ብለው መለሱልኝ። ባንዲራውስ ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን መልስ የለም፣ የባንኬን ሰዎች አነጋግሬ እየጠበቅኩ ነው።

ለጊዜው አንክል ግሬድ 3 የእንግሊዝ አንድ አግኝተውልናል፣ 95 ፓውንድ፣ ያለ ላስቲክ፣ ጀርባው ላይ ቡናማ ነቁጥ አለበት። 980 ግራም ነው፣ መዝኜዋለሁ። ልጁ ነቁጡን ቢራቢሮ ይመስላል ብሎ ወዶታል። ወርቃማው ሳሎን ጥግ ቆሟል። የሚፈልግ ካለ ይጻፍልኝ፣ በ30 እሰጣለሁ፣ ካሽሚር መሆኑን ነግሬ።